አያ ዳኘው ያነሳኝ ፎቶ

ሰው ሚስት ሲመርጥ ከሚጠነቀቀው ይልቅ ፎቶ አንሺ ሲመርጥ መጠንቀቅ አለበት። ሚስት ያለህን መልክ ችላ ትኖራለች፤ ፎቶ አንሺ ግን የሌለህን መልክ ይሰጥህና "ኑርበት" ብሎ ይሸኝሃል! አታምኑኝም? እሺ፣ የደረሰብኝን ስሙና ፍረዱ።

እኔ፣ እንደምታውቁት፣ በጎንደር መድረኮች ስሙ የታወቀ ተዋናይ ነኝ። በምን ታወቀ ካላችሁ... ቃለ ተውኔት በመርሳት። አንድ ጊዜ ንጉሥ ሆኜ ስተውን "ያንን ከዳተኛ አቅርቡልኝ!" ብዬ አንባረቅሁ። ከዳተኛው ተንበርክኮ ቀረበ። የምለው ጠፋኝ። ምን ላድርግ? "ለመሆኑ... ምሳ በልተሃል?" አልኩት። አዳራሹ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ፤ ቲያትሩ ግን አሳዛኝ ነበር። ሚስቴ፣ ሙሉ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ይህችን ሳታወራ ምሳ አታቀርብም።

ታዲያ በቅርቡ ፊልም ሠሪዎች ከተማችን ገቡና ልጆቹን በዓይኑ ብቻ የሚያንቀጠቅጥ የደጋ ገበሬ አባት እንደሚፈልጉ ሰማሁ። ዕድሜ ልኬን የጠበቅሁት ሚና! ቃሉ ትንሽ፣ ግልምጫው ብዙ! ወዲያው ለዳይሬክተሩ ደወልኩ።

"ፊትዎን ቀረብ አድርጎ የሚያሳይ ፎቶ ይላኩልኝ፣ ጋሼ" አለኝ። "ብቻ ጥሩ ባለሙያ ያንሳዎት።"

ባለሙያ ፍለጋ ወጣሁ። መጀመሪያ ሙሽሮችን ግንቡ ሥር የሚያነሳ ጎረምሳ ዘንድ ሄድኩ። አገጬን በጣቶቹ ይዞ ወደ ግራ አዘነበለኝ።

"አሁን እሷን እያየህ ፈገግ በል።"

"ማንን?"

"ሙሽሪትን ነዋ!"

"የምን ሙሽሪት? ብቻዬን እኮ ነው የመጣሁት!"

"ይቅርታ ጋሼ፣ ልምድ ሆኖብኝ ነው። በቃ፣ ያንን የጽድ ዛፍ እየው።"

ጽዱን በፍቅር ዓይን ሳየው አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያየኝ ጀመር። ከጽዱ ጋር ሳይድሩኝ አመለጥኩ።

ማራኪ ሰፈር፣ ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ያገኘሁት ፎቶ አንሺ ደግሞ ተመራቂ ተማሪ እንጂ ሌላ ሰው አንስቶ አያውቅም። ካሜራውን አነጣጠረና "ዝለል!" አለኝ። በዚህ ጉልበቴ!

"እኔ ልጆቹን የሚያንቀጠቅጥ አባት ነኝ። ምን ሆኜ ነው የምዘለው?"

"ደስ ብሎህ ነዋ፣ ፋዘር!"

በመጨረሻ ፒያሳ፣ አያ ዳኘው ስቱዲዮ ገባሁ። አያ ዳኘው የከተማውን ወላጅ ሁሉ ያነሱ አንጋፋ ናቸው። ግድግዳቸው ላይ ከተሰቀሉት ፎቶዎች አንድም የሚስቅ የለ። ሁሉም ቀጥ፣ ኮስተር፣ ኮራ ያሉ! "የኔ ሰው ተገኘ!" አልኩ። እነዚያ ሰዎች ዛሬ የት እንዳሉ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅሁም።

"አያ ዳኘው፣ ትንሽ ቆጣ ልበል?"

"ምነው ትቆጣለህ? ከማን ጋር ጠብ አለህ? ሁሉን ትተህ ዝም በል።"

ዝም አልኩ። አነሱኝ። ከዚያ ኮምፒውተራቸው ላይ ተቀምጠው ሽበቴን አጠቆሩ፣ የግንባሬን ጠባሳ ደመሰሱ፣ ሽብሽቤን እንደ ልብስ ተኮሱት። ከጀርባዬ ነጭ ደመና ዘረጉ።

"ደመናው ምንድን ነው፣ አያ?"

"ሁሉም ይወዱታል።"

"እነማን?"

"ቤተሰቦቻቸው።"

ይኸውላችሁ፣ ዘንድሮ ሰው ሁሉ ራሱን በስልኩ ያነሳል። አያ ዳኘው ጋ የሚሄድ ለአርባና ለሙት ዓመት ፎቶ የሚያሳድግ ብቻ ነው። ሰውዬው በሕይወት ያለ ደንበኛ ካዩ ቆይተዋል! እኔ ግን ይህን በኋላ ነው የሰማሁት። ያን ዕለት ፎቶውን በስልክ ለዳይሬክተሩ አስላክሁ፣ በወርቃማ ፍሬም ያስገቡልኝንም ታቅፌ ወደ አዘዞ ባጃጅ ተሳፈርኩ። ሾፌሩ ፍሬሙን ሲያይ ዘፈኑን አጠፋ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ከንፈሯን መጠጠች።

"እግዜር ያጥናህ። ወንድምህ ነው?"

"እኔ ነኝ፣ እቴ።"

ፎቶውን አየች፣ እኔን አየች፣ ትከሻዬን መታ መታ አደረገች። "አይዞህ። ሐዘን እንዲህ ያደርጋል።"

ቤት ስደርስ መብራት የለም። ሚስቴ ፍሬሙን ጠረጴዛ ላይ አቆመችና አጠገቡ ሻማ ለኮሰች። እኔ ጓሮ ፊቴን ልታጠብ ወጣሁ። አክስቴ ወርቄ ከትክል ድንጋይ ከተማ ሊጠይቁን የመጡት ይህኔ ነው! በር ላይ ቆሙ፤ ፎቶ... ሻማ... ደመና...

"ወየው ልጄን! ምነው ሳትነግሩኝ!"

ጩኸቱ ሰፈሩን ነቀነቀው። ጎረቤት ጋቢውን እያጣፋ ደረሰ። አንዱማ ድንኳን የት እንደሚተከል እየለካ ነበር። እኔ ሳሙና እንደተለቀለቅሁ ሮጬ ገባሁ።

"አክስቴ! አለሁ እኮ! እኔ ነኝ!"

ለቅሶውን ገታ አድርገው እኔን አዩ፤ ፎቶውን አዩ።

"ምነው ልጄ... ታዲያ ይሄ ሸጋው ማነው?"

ለቀስተኛው ሻይ ጠጥቶ ከሄደ በኋላ ስልኬ ጮኸ። ዳይሬክተሩ ነው!

"ጋሼ፣ ፎቶው ድንቅ ነው! ሁላችንም ተስማምተንበታል፣ ተመርጧል!"

ማራኪ ላይ እምቢ ያልኩትን ዝላይ ሳሎኔ ውስጥ ዘለልኩት። "ለቀረጻው መቼ ልምጣ?"

"አይ... እርስዎ እንኳ አይድከሙ። ፎቶውን ብቻ በፍሬም አድርገው ይላኩልን።"

ለካ ቁጡውን አባት ለሌላ ሰው ሰጥተውታል። የእኔ ፎቶ ሟቹን አያት ሆኖ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ቤተሰቡ ከሥሩ ሆኖ በውርስ ይናጫል። እኔ በሥጋ አላስፈልግም!

አኩርፌ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ሚስቴ ፍሬሙን በነጠላዋ እየጠቀለለች ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

"ምን ያስኮርፍሃል? ከፊልሙ መጀመሪያ እስከ መጨረሻ አለህበት። ደግሞ እሱ ቃሉን አይረሳም።"