ከቀረጥ ነፃ የገባው ከፋይ

መንግሥትን አታለልኩ የሚል ወንድ ወይ ገና አልተያዘም፣ ወይ ሚስት የለውም። እኔ ተይዣለሁም፣ ሚስትም አለችኝ፤ ስለዚህ እመኑኝ።

ጎንደር አስተማሪ ሳለሁ ነው። ባለቤቴ እቴነሽ ለእህቷ ሠርግ የከፋይ ካባ አማራት። የፒያሳው ከፋይ ዋጋው አይቀመስም፤ ሱዳን ግን ርካሽ ነው ተባለ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ በጭነት መኪና ገዳሪፍ ወረድኩና እጅ ላይ የሚንሸራተት ቀይ ከፋይ ገዛሁ። ብልሃቴን እያደነቅኩ መተማ ስደርስ ጉምሩክ የሚባል ነገር እንዳለ ትዝ አለኝ።

የጉምሩኩ ሹም ኮታቸው ላይ ነጠላ የደረቡ፣ ረጋ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። ቀረጡን አስልተው ነገሩኝ።

“ምነው አያ? ይኼማ ጨርቁን ሁለቴ መግዛት ነው።”

“ልጄ፣ የውጭ ጨርቅ እንዲያው ከገባ የኛን ሸማኔ ማን ይገዛዋል? ደግሞስ ያንተን ደመወዝ መንግሥት ከየት የሚያመጣው ይመስልሃል?”

ደመወዜ ከተነሳ ማን ይከራከራል? ዓይኔ ግን ከጀርባቸው የተለጠፈውን ደንብ አነበበ፦ ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት የሚገባ ዕቃ ቀረጥ አይከፈልበትም። እናንተስ ብትሆኑ...

“ለነገሩ፣ ለደብራችን መጋረጃ ነው” አልኩ።

ፊታቸው በራ። ብድግ ብለው ከፋዩን ተሳለሙት። “ምነው ቀድመህ ብትነግረኝ?” አሉና የደብሩን ስም መዝግበው ቀረጡን ሰረዙ። ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል ብዬ በልቤ ስስቅ፣ ከፋዩን በክር አስረው በሰም አተሙት።

“ማኅተሙን የሚፈቱት የደብራችሁ አለቃ ናቸው” አሉ። “መረከባቸውን ፈርመው ካልላኩልኝ ቀረጡን ከነመቀጮው ትከፍላለህ።”

ይህም አልበቃ ብሏቸው ለካ ለደብሩ በስልክ የምሥራች ብለዋል። ጎንደር ስደርስ አለቃው ከነካህናቱ ጥላ ዘርግተው ይጠብቁኛል። እቴነሽም ልትቀበለኝ መጥታለች። ይህ ሁሉ ክብር ለባሏ መስሏት ከሁሉ አብልጣ እልል አለች። ማኅተሙ ተፈቶ ቀዩ ከፋይ ብቅ ሲል ግን እልልታዋ መሃል ላይ ተቆረጠ።

አለቃው መርቀውኝ ሲጨርሱ ቀስ ብላ፣ “ለኔስ?” አለች።

“በረከቱ” አልኳት።

ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ለሠርጉ የለበሰችው የአገር ቀሚስ ነው፤ ሹሙ እንደተመኙት ሸማኔያችን ተጠቀመ። ሙሽሮቹ ከቀዩ ከፋይ መጋረጃ ፊት ቆመው ቃል ኪዳን ሲገቡ ግን ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

“ሸጋ ሆኗል።”

ታረቅን ብዬ ተነፈስኩ።

“ቀረጡ ያን ያህል ብዙ ነበር?”

“በጣም።”

“ከኔ ኩርፊያ ግን ይረክስ ነበር” አለችና አሜን ለማለት ወደ ቄሱ ዞረች።