ለትውልድ የተቀመጠው ዓሣ

ለሥነ ምግብ ሙያ ክብር ሲባል አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው ቁም ነገር ቢኖር፣ ከላስቲክ ዓሣ ሎሚ የማይንጠባጠብ መሆኑ ነው። እናትየው ይህን ያስተዋለችው ግን ልጇ የፈተና ዓሣዋን ሳህን ይዛ ወደ ፈተናው ክፍል ከገባች በኋላ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ፣ ሳህኑ የመጣበትን ቦርሳ ታቅፋበት የነበረውን ቀሚሷን ርሶ አገኘችው። በጣቷ ነካ አድርጋ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። ሎሚ!

"የፈራሁት ደረሰ" አለች። የማትፈራው ነገር ስላልነበረ፣ አንዱ መድረሱ አይቀርም ነበር።

ቀድሞ ሰውን "ይህን ብላ፣ ያንን ተው" ለማለት አንድ ዲግሪ ይበቃ ነበር። የተከበረው የሙያ ቦርድ ግን ሰው በቀን ከአንድ ጊዜ በላይ እንደሚበላ በጥናት ስለደረሰበት፣ ዲግሪውንም ሁለት አደረገው። በላዩ የተግባር ልምምድ፣ በልምምዱ ላይ ፈተና ጨመረ። ለሕዝብ ደኅንነት ሲባልም፣ ያልተመዘገበ ተመራቂ እውነተኛ ምግብ ይዞ ምክር እንዳይሰጥ ከለከለ፤ ይዞ የተገኘ ዕድሜ ልኩን አይመዘገብም። ስለዚህ መማሪያውም መፈተኛውም የላስቲክ ዓሣ፣ የላስቲክ እንቁላልና የላስቲክ ካሮት ሆነ። እስካሁን በነዚህ ምግቦች የታመመ ሰው ባለመኖሩ፣ የደንቡ ውጤታማነት ተረጋግጧል።

ልጅቷ ማስተርሷን በጀመረች ጊዜ እናትየው ላስቲኩን በሳሙና ማጠብ ጀመረች። "የስንቱ እጅ የነካው ነው፣ በሽታ ይዘሽብኝ እንዳትመጪ!" ዛሬም አጥባ፣ አድርቃ፣ ለባሏ ምሳ ካዘጋጀችው የዓሣና የእንቁላል ሳህን አጠገብ አኖረችው። ሁለቱንም ሸፈነች። ከዚያ በጥድፊያ አንዱን አንስታ ቦርሳው ውስጥ ከተተች።

ወደ ቤት ደወለች።

"ምሳህን በላህ?"

"እየታገልኩ ነው" አለ ባሏ። "እንቁላሉ አልነከስ አለኝ። ዓሣውማ ስነክሰው መልሶ ይነሳል።"

"ትፋው! ላስቲክ ነው!"

"ላስቲክ? እኔ እኮ የልጅቷ አዲሱ አመጋገብ መስሎኝ! ጨው የለው፣ ዘይት የለው። ለጤና ነው ብዬ ቻልኩት።"

ስልኩን ዘግታ፣ ሳታንኳኳ በሩን በርግዳ ገባች። የፈታኝ ኮሚቴው ሰብሳቢ የሆነው ዶክተር ዓሣውን በእስክሪብቶ ጫፍ ጫን ጫን ያደርጋል። ባልደረባው አንገቱን አስግጎ ያያል። ልጅቷ አመዷ ቡን ብሏል።

"ጥፋቱ የኔ ነው! የሠራሁት እኔ ነኝ፣ እሷ አታውቅም!" አለች እናትየው።

"ጥፋት?" ሰብሳቢው ቀና አለ። "እርስዎ ነዎት የሠሩት? በሥራ ዘመኔ ሁሉ እንዲህ ቁርጥ ዓሣን የሚመስል ላስቲክ አላየሁም! ልስላሴው! ሽታው እንኳ አልቀረ!"

"እንቁላሉ ግን ይቀረዋል" አለ ባልደረባው፣ ከመሳቢያው ሌላ የላስቲክ እንቁላል አውጥቶ እያስተያየ። "አስኳሉ ይፈረፈራል። ትክክለኛ እንቁላል እንዲህ ጠንከር ይላል።"

እናትየው አፏን ስትከፍት ልጅቷ እግሯን ረገጠቻት። "እማዬ፣ በእናትሽ ዝም በይ!"

ሰብሳቢው ኮቱን ቆልፎ ተነሣ። "ኮሚቴው አመልካቿ ከዚህ ሰዓት ጀምሮ የተመዘገበች የሥነ ምግብ ባለሙያ መሆኗን ሲያበስር በታላቅ ደስታ ነው። ይህ ሞዴልም ለመጪው ትውልድ መማሪያ ይሆን ዘንድ በክብር ክፍላችን እንዲቀመጥ፣ ቦርዱም ከረዥሙ ዕረፍት ሲመለስ በአካል እንዲጎበኘው ተወስኗል።"

"ፍሪጅ አለው ክፍሉ?" አለች እናትየው።

"ለላስቲክ?" ሰብሳቢው ፈገግ አለ። "አይጨነቁ እናቴ፣ ላስቲክ ብርድ ሲነካው ስለሚሰነጠቅ ለክፍሉ ማሞቂያ አስገብተንለታል።"

ጀምበር ስትጠልቅ ዓሣው በሰብሳቢውና በባልደረባው ታጅቦ ወደ ክብር ክፍሉ ተጓዘ። እናትና ልጅ ከኋላ ተከተሉ።

"አለቀልን" አለች እናትየው በሹክሹክታ። "ቦርዱ በሩን ሲከፍት ሽታው ፈቃድሽን ይዞ ነው የሚወጣው። ተናገሪ እንጂ! አሁን እኮ ተመዝግበሻል፣ ስለ ምግብ መናገር መብትሽ ነው!"

ልጅቷ ጉሮሮዋን ጠረገች። የመጀመሪያዋን ሕጋዊ የሙያ ምክር ሰጠች።

"ዶክተር፣ የተጠበሰ ዓሣ ውጭ አያድርም።"

ሰብሳቢው ቁልፉን እንደያዘ ቆመ። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

"ሰማህ?" አለው ባልደረባውን። "ይሄ በአንድ ዲግሪ የሚገኝ ዕውቀት ነው?"

ከዚያም ማሞቂያውን ከፍ አድርጎ፣ በሩን ቆለፈ።