የኦቦ ዋጋሪ ሞልድ

በየከተማው ትናንት የተማረውን ዛሬ የሚያስተምር አንድ ሰው አይጠፋም። መንጃ ፈቃድ ባወጣ በሳምንቱ የባጃጅ ሾፌር ይገስጻል፤ ስኳር አለብህ በተባለ ማግስት በሰርግ ቤት የሰው ሳህን እየዞረ ይመረምራል። ለእኛዋ ሰፈር ለባኬ ጃማ የደረሷት ክቡር ኦቦ ዋጋሪ ናቸው፤ ብሎኬት አምራች፣ ጣታቸው የበቆሎ እሸት የሚያህል፣ ባለ ኡኩሌሌ።

ኡኩሌሌ ማለት ጊታር ወልዳ ገና ጡት ያላስጣለቻት የምትመስል፣ ባለ አራት ክር መሣሪያ ናት። አንድ ዘመዳቸው እሳቸው ቤት ረስቷት ሄደ። በኦቦ ዋጋሪ ደረት ላይ ስትታይ የታቀፏት እንጂ የሚጫወቷት አትመስልም። ሦስት ኮርድ፣ ማለትም ሦስት የጣት አያያዝ፣ እንደተማሩ ግን የሰፈሩን ዝማሬ ሁሉ ለማጀብ ታጠቁ።

ጉዱ የመጣው አዴ ድርቤ ወንድማቸውን በቀበሩ ሰሞን ነው። በሰፈራችን ሁሌም መዝሙር የሚያነሡት አዴ ድርቤ ናቸው። በለቅሶው ድንኳንም ሐዘንተኛዋ ራሳቸው፣ በሻከረ ድምፅ፣ ዜማውን ከወትሮው ዝቅ አድርገው አንድ መዝሙር አነሡ። ኦቦ ዋጋሪ ጣታቸውን ወዲህ ቢሉ፣ ወዲያ ቢሉ የሚገጥም አጡ። ከዚያ፣ ምን እንዳቀበጣቸው እንጃ፣ እጃቸውን አወጡ።

«አዴ ድርቤ፣ ማሎ፣ ትንሽ ከፍ ያድርጉልኝ! እዚያ ታች ኮርድ የለኝም!»

አዴ ድርቤ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ፤ መዝሙሩም እዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ በጸሎት ቤትም ሆነ በሰው ቤት መዝሙር ማንሣት ተዉ።

ኦቦ ዋጋሪ ይቅርታ ሊጠይቁ ሄዱ። «ምን አጠፋህ?» አሏቸው አዴ ድርቤ። «ያቺ መሣሪያህ እኔ ያለሁበት ድረስ አትወርድም፤ እኔም እሷ ዘንድ የምወጣበት አቅም የለኝም።»

«እንግዲያው እናወርዳታለን!» ብለው ወጡ።

እንዴት? እዚህ ላይ ነገሩ በእውነት ያምራልና ታገሡኝ። ጀማሪ የሚማራቸው ኮርዶች አንዳንዱን ክር ሳይነኩ ስለሚተዉ ካሉበት አይነቃነቁም። ጠቋሚ ጣትን እንደ መቀርቀሪያ በአራቱም ክሮች ላይ ካጋደሙ ግን፣ በሌሎቹ ጣቶች የያዙትን ቅርጽ እንዳለ ይዘው በመሣሪያዋ አንገት ላይ ሽቅብ ቁልቁል መንሸራተት ይችላሉ። ቅርጹ ያው፣ ድምፁ ሌላ። አንድ ተምሮ ደርዘን ማግኘት!

ይህ የገባቸው ዕለት ኦቦ ዋጋሪ ሥራ አስቁመው ጮኹ አሉ። «የብሎኬት ሞልድ ነው እኮ! ቅርጽ ማውጫው አንድ ነው፤ የፈለግክበት ቦታ ታስቀምጠዋለህ!»

ከዚያ ወዲያ ማን ያምልጥ! ባጃጅ ውስጥ አጠገባቸው የተቀመጠ ሰው ክንዱ የኡኩሌሌ አንገት ሆኖለት ይወርዳል። ብሎኬት ሊገዛ ከዲጋ የመጣ ሰው ስለ ጠቋሚ ጣት ተነግሮት ባዶውን ተመለሰ። በርበሬ ሻጯ ነፊሳ፣ የወሎዋ፣ ብቻ አልተቻለችም። መጥረጊያዋን ነጥቀው በእንጨቱ ላይ ሲያሳዩዋት፣ «እንዴ ኦቦ ዋጋሪ፣ ከያዙት አይቀር ደጁን ይጥረጉልኛ!» አለቻቸው። ጠረጉላት፤ እያስረዱ።

ማስረዳቱስ ቀላል ነበር። እምቢ ያለው ጣታቸው ነው። ሲሚንቶ ሲሸከም የኖረን እጅ አራት ቀጫጭን ክሮች አሸነፉት። አጥር ስለምንዋሰን እሰማለሁ፤ ድምፁ ጠርሙስ ውስጥ የገባ ዝንብ ይመስል ነበር። ባነቋት ቁጥር ይብስባታል። እሳቸው ግን አልተዉም። ኋላ ጠቋሚ ጣታቸውን ወደ ጎን፣ ወደ አጥንታማው በኩል ዘንበል አድርገው፣ አውራ ጣታቸውን ከአንገቷ ጀርባ ደገፍ ቢያደርጉት አራቱም ክሮች ጥርት ብለው ተሰሙ። ወዲያው ፊታቸው በአጥሩ ላይ ብቅ አለ።

«ሰማህ?»

«ሰማሁ፣ ኦቦ ዋጋሪ።»

«ምን እንዳደረግኩ ላስረዳህ?»

ባለፈው እሑድ የቤት ጸሎቱ በአዴ ድርቤ ቤት ነበር። መዝሙር የሚያነሣ ጠፍቶ ሁላችንም መሬት መሬት ስናይ፣ ኦቦ ዋጋሪ ኡኩሌሌያቸውን ታቅፈው ወደ አዴ ድርቤ ዞሩ። ሳውቃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም አላስረዱም።

«ከፈለጉበት ያንሡ» አሉ ብቻ።

አዴ ድርቤ ያንኑ የድንኳኑን መዝሙር፣ ያንኑ ያህል ዝቅ አድርገው አነሡት። የኦቦ ዋጋሪ እጅ አንገቷን ዳሰስ ዳሰስ አደረገና ያዘ። ገጠመ! አዴ ድርቤ ቀና ብለው አዩዋቸው፤ ሲደግሙት ትንሽ ከፍ አደረጉት። ሞልዱ ተከተለ። ደግሞ ከፍ አደረጉት፤ ተከተለ። በአዴ ድርቤ ዓይን ውስጥ ተንኮል አየሁ። ያ አቅም የለኝም ያለ ድምፅ ሽቅብ ሲወጣ፣ እነዚያ ወፋፍራም ጣቶችም ተጨናንቀው ተከትለውት ከመሣሪያዋ ሆድ ጋር ተላተሙ።

«አዴ ድርቤ፣ ማሎ! አንገቷ አለቀ!»

መዝሙሩ እንደገና ተቋረጠ። አዴ ድርቤ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሲስቡ ግን ሳቁ ቀደማቸው። ወንድማቸው ከሞተ ወዲህ ሲስቁ ማንም አልሰማም ነበር።

«ቶሌ፣ እሺ» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ፤ «በል ከታች ልጀምርልህ።»

ሰኞ ጠዋት በርበሬ ልገዛ ነፊሳ ዘንድ ሄድኩ። መጥረጊያዋን ከእጄ ስትነጥቀኝ ነው ምን እያስረዳኋት እንደነበር የታወቀኝ።