ሰብዉፈሩና የእኔ ጥግ

ሽማግሌን ከቤቱ የሚያስወጣው ሞት ብቻ ነው የሚል ሰው፣ አማቹ ዕቃ ሲገዛ አላየም! ሞትማ አንዴ መጥቶ አንዴ ይዞ ይሄዳል። ዕቃ ግን መጀመሪያ መደርደሪያህን ይወስዳል፣ ቀጥሎ ግድግዳህን፣ ከዚያ... ከዚያማ መቀመጫህን ዓይን ዓይኑን ማየት ይጀምራል።

ወዳጆቼ፣ እኔ ጥግ አለኝ። ዓባይ ማዶ ባለችው ቤቴ፣ ከመስኮቱ ሥር፣ ክንዷ የተላጠ ወንበር ያለችበት ጥግ። ቤቱን በእጄ ነው የሠራሁት፤ ጥጉን ግን በመቀመጥ ነው የሠራሁት። ከዚያ ሆኜ መንገዱን አያለሁ፣ ባጃጁን እቆጣለሁ፣ ያለፈ ሁሉ ሰላም ይለኛል፣ እመልሳለሁ። ሥራ ፈት የሚለኝ ካለ መጥቶ አንድ ቀን ይሞክረው! እስከ ማታ ምላሱ ካልዛለ ከምላሴ ፀጉር ይነቀል።

ልጄ የሺና ባሏ ሳምሶን አብረውኝ ይኖራሉ። ሳምሶን የሐዋሳ ልጅ ነው፣ ኮሌጅ ያስተምራል። ጨዋ ነው። ለዚህ ሁሉ ያበቃንም ጨዋነቱ ነው። አማች ለአማቱ «ተነሣ» አይልም፤ ይህን አጥብቃችሁ ያዙልኝ።

አንድ ቅዳሜ ሳምሶን ከባጃጅ ላይ ጥቁር ሳጥን አወረደ። የዱቄት ማስቀመጫ መስሎኝ ነበር።

«ምንድን ነው?»

«ሰብዉፈር ነው አባባ። ከቴሌቪዥኑ ጋር የሚገጠመው የሆም ቲያትሩ ወፍራም ድምፅ የሚወጣው ከዚህ ነው። ፊልም ላይ ነጎድጓድ ሲመጣ ደረትዎ ውስጥ ይሰማዎታል።»

«ነጎድጓድማ በክረምት ጣና በነጻ ያሰማኝ የለ!»

«ይሄኛው ክፍሉን ራሱ ይለካል እኮ። ማይክ አለው፤ ያዳምጥና የቤቱን ጉድለት ራሱ ያርመዋል።»

የቤቴን ጉድለት! ድንጋዩን በትከሻዬ ያመላለስሁበትን ቤት፣ ትናንት ከካርቶን የወጣ ሳጥን ሊያርመው! ጋቢዬን ለብሼ ጥጌን ያዝሁ። እኔ ጥጌን ስይዝ ደግሞ፣ የሚያውቀኝ ያውቃል፣ ደግ ነገር አይከተልም።

ራት ላይ የሺ ጠጋ አለችኝ።

«አባዬ... ሳጥኑ ጥግ ይወዳል አሉ።»

«እኔም እወዳለሁ።»

«ጥግ ሲሆን ድምፁ ይጎላል።»

«የእኔም ይጎላል!»

«ሳምሶን እኮ...»

«እሱ አፍ የለውም?»

«አፍማ አለው፤ አማችነቱ ይዞት ነው እንጂ!»

«እንግዲያው አጥብቆ ይያዘው!»

በማግስቱ እሑድ ቅዳሴ አስቀደስሁና ስመለስ የነፍስ አባቴን መምሬ ይርጋን ይዣቸው መጣሁ። ለጸሎት ብቻ ነው ብዬ አልዋሻችሁም፤ ምስክር ፈልጌ ነው። በሩን ከፈትሁት...

አይ ያየሁት! ሳጥኑ ወንበሬ ላይ ተቀምጧል! እንደ አገር ሽማግሌ ትራስ ተነጥፎለት «ዱምምም... ዱምምም...» እያለ ያጉረመርማል። ሳምሶን፣ የኮሌጅ መምህሩ፣ በእጁና በጉልበቱ ሆኖ ምንጣፉ ላይ ይድኻል። ትንሽ ሄድ ይልና ግንባሩን ወደ መሬት ዝቅ ያደርጋል፣ ጆሮውን ያዘነብላል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ደግሞ ይድኻል። የሺም በወዲያ በኩል እንዲሁ!

መምሬ በሩ ላይ ቀሩ። መስቀላቸውን አወጡ።

«በስመ አብ ወወልድ... አያ ካሴ፣ እነዚህ ልጆች ለማን ነው የሚሰግዱት?»

«ለዚያ ነው» አልሁ፣ ወደ ሳጥኑ እያመለከትሁ። (ምን ላድርግ? ምስክር አይደል ያመጣሁት!)

ሳምሶን ተስፈንጥሮ ሲነሣ ጭንቅላቱን ከጠረጴዛው ጋር አጋጨ። «ኧረ አባቴ፣ ስግደት አይደለም! ድምፁን እየፈለግኩት ነው!»

«ይሄንን የሚጮኸውን?» አሉ መምሬ።

የሺ አስረዳች። ዘዴው እንዲህ ነው አሉ፦ ሳጥኑን ሰው በሚቀመጥበት ታስቀምጠዋለህ፤ አንተ ደግሞ ሳጥኑ ሊቀመጥ በሚችልበት ቦታ ሁሉ እየዳኽህ ታዳምጣለህ። ድምፁ ያማረበት ቦታ የሳጥኑ ይሆናል። «አባዬ ከጥጉ አልነሣም ስላልህ እኮ ነው ሌላ ቦታ የምንፈልግለት! ይኸው፣ በሩ አጠገብ አገኘንለት!»

አመንሁ? አላመንሁም! ግመል ሰርቆ አጎንብሶ አሉ። ወንበር የቀመሰ መቼ ይለቃል? ሳጥኑን አስነሣሁና ተቀመጥሁበት። «ከእንግዲህ ከዚህ የሚያስነሣኝ የመምሬ መስቀል ብቻ ነው!» ብዬ በሁሉም ፊት ማልሁ።

የቀረው መለካቱ ነው። አውራ ጣት የምታህል ማይክ ከነሽቦዋ ወጣች። ሰሚው በሚቀመጥበት ቦታ፣ በጆሮው ልክ መሆን አለባት፤ ወንበሩ ባዶ፣ ቤቱም ጸጥ ማለት አለበት። ሳምሶን እኔን አየ፣ የሺን አየ፣ ኮርኒሱን አየ።

«አባዬ፣ ለትንሽ ጊዜ ብቻ...» አለች የሺ።

«በጆሮ ልክ አይደል የተባለው? ይኸው ጆሮ! አምጭ!» ማይኳን ነጠቅሁና ጆሮዬ ሥር ያዝሁ።

ሳምሶን ስልኩን ነካ። ሳጥኑና ድምፅ ማጉያዎቹ ተራ በተራ «ዉዉዉዉፕ!» ማለት ጀመሩ። መምሬ ደንግጠው «እግዚኦ!» አሉ። ካህን ዝም በሉ አይባል! ስልኩ ላይ ቀይ ጽሑፍ መጣ፤ ጫጫታ አለ ይላል። እንደገና ተጀመረ። «ዉዉዉ...» ሲል አንድ ባጃጅ መስኮቱ ሥር ቀጥ አለ።

«አያ ካሴ! እንዴት አደሩ?»

እስቲ ፍረዱኝ! ሰው ሰላም ብሎህ አፍህን ትለጉማለህ? እንዲህ ያለ ነውር በእኛ ሰፈር ተሰምቶም አይታወቅ!

«እግዚአብሔር ይመስገን! አንተስ እንዴት አደርህ? ቤተሰቡ ደኅና? ልጆቹስ? እናትህን ወገባቸውን ተሻላቸው? ወንዛዬ ፍል ውኃ ሄደዋል ሲሉ ሰምቼ ነበር!»

«ተሻላቸው አያ ካሴ! ፍል ውኃው ጠቀማቸው! እርስዎስ ጉልበትዎ?»

ቀይ ጽሑፍ።

ሳምሶን ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። አንጀቴን በላው። ግን መስኮቱ ሥር ቁጭ ብዬ ሰላምታ ሊቀርልኝ ነው? አሰብሁ፣ አሰብሁና... መላ መጣልኝ። ጋቢዬን ከነራሴ ጥቅልል ብዬ ተከናነብሁ! ያላወቀኝ ሰላም አይለኝም። እኔም ማይኳም ጋቢ ውስጥ ገባን። ሳምሶንና የሺ ስልኩ ላይ አፍጥጠው ነበርና አላዩም። መምሬ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ያዙ። «ዉዉዉዉፕ!» አለ፤ አለ፤ አለና...

«ተለካ!» ብሎ ሳምሶን ዘለለ። እሱ ዘወር ሲል እኔ ጋቢዬን ገልጫለሁ።

ፊልም ተከፈተ። ያ ደረት ውስጥ ይሰማል የተባለው ሳጥን እንደ ጠገበ ድመት ትንሽ አንኮራፋና ዝም! ቀጭኑ ድምፅ ግን... ሰውዬው ወረቀት ሲያጥፍ ቆርቆሮ የተቀደደ ነው የሚመስል። ሴትየዋ በተናገረች ቁጥር ጆሮ ውስጥ መርፌ! መምሬ ጆሯቸውን ይዘው ወጡ።

«ማሽኑ ክፍሉ ቀጭን ድምፅ ይውጣል ብሎ ነው ይሄን ያህል የጨመረው» አለ ሳምሶን። «ምኑ ነው የሚውጠው?»

ሳምንቱን ሙሉ ግድግዳዬን ሲያንኳኳ ሰነበተ። መጋረጃ አወለቀ፣ ምንጣፍ ጠቀለለ። በመጨረሻ ለየሺ ሲያንሾካሹክላት ሰማሁት፦ «ችግሩ ያ ጥግ ነው። ወንበሩ ወደ ጓዳው በር ቢዞር...»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች! ጥጌን አድናለሁ ስል ጥጌን አስከሰስሁት።

በዚያው ምሽት ከሐይቁ ብርድ ነፈሰና ፊልሙ ፊት ጋቢዬን ተከናነብሁ። ድምፁ ማር ሆነ! ገለጥሁት፤ መርፌ። ተከናነብሁ፤ ማር። ያን ጊዜ በራልኝ። ለካ ሳጥኑ የለካው ቤቴን አይደለም፣ ጋቢዬን ነው! ብናገር እንደገና ሊለካ ነው፤ ሲለካ ደግሞ እኔ ልነሣ ነው። ባልናገር ወንበሬ ጓዳ ልትገባ ነው።

«ሳምሶን፣ ና ወዲህ ልጄ» አልሁና የጋቢዬን ጫፍ ገለጥሁ። «ግባ።»

«አባባ...?»

«ግባ አልሁህ!»

ገባ። አዳመጠ። ዓይኑ ፈጠጠ።

«አባባ... ያኔ ማይኩ የት ነበር?»

«ጆሮዬ ሥር።»

«ጆሮዎስ?»

«ጋቢዬ ውስጥ።»

ፊቱን ጋቢው ውስጥ ቀበረ። ቀጥሎ ጋቢው መንቀጥቀጥ ጀመረ። አለቀሰ ብዬ ስደነግጥ፣ ለካ ሳቁ ነው!

«እንደገና እንለካው? እርስዎ ለትንሽ ጊዜ ብቻ...»

«ለትንሽ ጊዜ ምን?»

አየኝ። አማች ነው። «ተነሣ» አይልም።

«የሺ!» ብሎ ተጣራ፣ «የእኔንና ያንቺን ጋቢ አምጪ!»

ከዚያ በኋላ ሦስታችንም ተከናንበን ፊልም ማየት ያዝን። አሸነፍሁ ብዬ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። እሑድ ግን ሳምሶን ራሱ ሄዶ መምሬን ይዟቸው መጣ። የሐዋሳ ልጅ መቼ ነው ካህን ጠርቶ የሚያውቀው?

«ባለፈው ስትሰግዱ አገኘኋችሁ» አሉ መምሬ በሩ ላይ ቆመው። «አሁን ደግሞ መነኮሳችሁ? አያ ካሴ፣ ይምጡ ይሳለሙ።»

ለመስቀል ቁጭ አይባል። ጋቢዬን ወንበሬ ላይ ትቼ ተነሣሁ፣ ሄድሁ፣ አጎነበስሁ። መስቀሉ ግንባሬ ላይ አረፈ... አረፈና ቀረ። ሌላ ጊዜ ቡራኬያቸው እስከ መንገድ ይሰማ ነበር፤ የዛሬው በልባቸው ነው። መስኮቱም ተዘግቷል። ምነው ይህን ያህል ረዘመ ብዬ ሳስብ፣ ከጀርባዬ...

«ዉዉዉዉፕ!»

ቀና ልል ስል መስቀሉ ጫን አለኝ። ዘወር ስል ሁሉ አልቋል፤ ማይኳ ወንበሬ ላይ በዘንግ ቆማለች፣ ጋቢዬ ተጣጥፎ የሺ እጅ ላይ ነው፣ ሳምሶን ደግሞ መሬት መሬት ያያል፤ ጨዋ!

እናንተም ምክሬን ያዙ፦ ጨዋ አማችን ፍሩ። «ተነሣ» አይልህም፤ ያስባርክሃል እንጂ።

ወንበሬ እዚያው ጥጌ ናት። ነጎድጓዱም፣ እውነቱን ለእናንተ ብቻ ልንገራችሁ፣ ደረቴ ውስጥ ይሰማኛል። ሳምሶን ሲጠይቀኝ ግን «የጣናው ይሻላል» ነው የምለው።