ፒክአፗን ያስወለወልኩ ዕለት

የአሶሳ ፀሐይ ለማንም አታዳላም። የሱቁን ማስታወቂያ፣ የቢሮውን ታፔላ፣ ደጅ የከረመ የፕላስቲክ ወንበር፣ የድንኳን ሸራ፣ ሁሉንም እኩል ትልሳቸዋለች። ከአዲስ አበባ ሲመጣ ደም የመሰለ ቀይ ጃንጥላ፣ እዚህ ከከረመ በኋላ ሮዝ ይሁን ነጭ ባለቤቱም ምሎ አይናገርም። ደጋ ያላችሁ አንባቢዎች ይህን ስትሰሙ አጋነነች ትሉ ይሆናል። እስቲ መጥታችሁ ልብሳችሁን ገመድ ላይ አስጡና ገበያ ደርሳችሁ ተመለሱ፤ ያኔ እንነጋገራለን።

ሰው ግን ጥላ ውስጥ ተኝቶም ይለቃል። ይህን ያወቅሁት ከባለቤቴ ነው።

ባለቤቴ ሾፌር ነው። “ነበር” ማለት አፌ ላይ ስለሚከብደኝ “ነው” እላለሁ። ሁለታችንም በልጅነታችን ከወሎ በሰፈራ መጥተን፣ እዚህ አድገን፣ እዚህ ወልደን የኖርን ነን። በሰማያዊ ፒክአፑ ጨውና ሳሙና ካማሺ ያደርሳል፤ ማርና ሰሊጥ ይዞ ይመለሳል። ያን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የማያውቅም ባያውቀው አይጎዳም። ጊዜው ክፉ ሲሆን መንገዱ ተዘጋ። “ነገ እወጣለሁ” ብሎ ከማንጎው ጥላ ውጭ፣ ግቢያችን መሀል ያቆማት መኪና እዚያው ቀረች። ክረምቱ አለፈ፤ ሌላም በጋ መጣ። በመጨረሻ መንገዱ ተከፈተ። እሱ ግን ተዘጋ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል፤ ስጠራው “እ” ይላል፤ ምግብ ሳቀርብለት “አስቀምጪው” ይላል። ሐኪም ቤት ወስጄዋለሁ፣ ጠበልም አስጠምቄዋለሁ። በሁለቱም ቦታ የታዘዘውን ሁሉ አድርጎ፣ ተመልሶ ይተኛል።

መኪናዋም ከእሱ አልተሻለችም። ሰማያዊነቷ ጠፍቶ አመድ ለብሳለች፤ የነካት ሰው እጁ ላይ ጠመኔ የመሰለ ዱቄት ይቀርበታል። አንድ ቀን እንዲህ ብዬ አሰብኩ፦ ይህች መኪና እንደ ድሮዋ ሆና ቢያያት፣ ይነሣ ይሆናል። ከስድስተኛ ክፍል ያቆመች ሴት ሐሳብ ነው። ግን ሐኪሙም ከዚህ የተሻለ አልነገረኝም።

ጎረቤቴ እትዬ አልጋነሽ መላ አታጣም። “የኑግ ዘይት ቀቢያት እቴ፣ ሙሽራ ነው የምትሆንልሽ!” አለችኝ። ቀባኋት። እስከ ቀትር እውነትም ሙሽራ ሆነች። ከሰዓት ነፋስ ተነሣና የሰፈራችን ቀይ አቧራ እንደተጠራ ሁሉ መጥቶ ተለጠፈባት። አመሻሹ ላይ ሳያት በርበሬ የተነሰነሰባት ቂጣ መስላለች።

ከዚያ በኋላ ነው ከላቫጆ አወድን የጠራሁት። አወድ የበርታ ብሔረሰብ ልጅ ነው፤ መኪና ሲያጥብ ያደገ ሰው። አማርኛው ሴትና ወንድ አይለይም፤ ቀልዱም ትንሽና ትልቅ አይለይም። እኔን “ኻልቲ” ይለኛል፤ አክስቴ ማለቱ ነው። መኪናዋን ዙሪያዋን ዞረና አሸተታት።

“ኻልቲ፣ መኪና ጸጉር ነው እንዴ? ዘይት ቀባህ?”

“ተመክሬ ነው ልጄ።”

“ወላሂ፣ ድንች ብቻ ቀረ!”

በሳሙና ደጋግሞ አጠባት። ቀጥሎ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ውሃ ውስጥ እየነከረ ያሻት ጀመር፤ ሰማያዊ ወተት የመሰለ እጣቢ ከጎኗ ወረደ። ኮፈኗን በፖሊሽና በጨርቅ አዙሮ አዙሮ ሲያሸው፣ መዳፍ የምታህል ቦታ ላይ ያ የድሮው ሰማያዊ ብቅ አለ። እመብርሃን ምስክሬ ናት፣ አለቀስኩ። ለቀለም የሚያለቅስ ሰው አይታችሁ አታውቁም? እንግዲህ ሰማችሁ።

ጣራዋ ላይ ሲደርስ ግን እጁን ሰበሰበ። “እዚህ ቀለም የለም። ፀሐይ በላው። ከፈተግኩ ብረት ይወጣል።”

“ታዲያ ምን ይሻላል?”

“ተወው ኻልቲ። ጣራ ማን ያያል? አላህ ብቻ።”

እሱማ ሲያየን ነው የከረመው፣ አልኩ በሆዴ። ወዲያው ደግሞ ደንግጬ አማተብኩ።

እዚህ ላይ ነው ስሕተቴ። በከተማችን አሮጌ መኪና ለራሱ ብሎ የሚያስወለውል ሰው የለም፤ የሚያስወለውል የሚሸጥ ነው። ይህን ሕፃንም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ግን ሐሳቤ ሁሉ አልጋው ላይ ስለነበረ ትዝም አላለኝ። አወድን ሸኝቼ ባልዲውን ሳላነሣ፣ ደላላ በሩ ላይ ደረሰ።

“ማዘር፣ ስንት እያላችሁ ነው?”

“አይሸጥም ልጄ።”

“እህ! ታዲያ ፖሊሹ ለጽድቅ ነው?”

ከኋላዬ የበር ድምፅ ሰማሁ። ባለቤቴ ቆሟል። በእግሩ፣ ደጅ! እጄ ላይ የነበረው ጨርቅ ወደቀ። እሱ መኪናዋን ከኮፈኗ እስከ ስፖንዳዋ አያት።

“አጥበሽ ገነዝሻት” አለኝ በቀስታ። “ደግ አደረግሽ። ሽጪያት ልልሽ ፈርቼ ነበር።”

“ኧረ ለመሸጥ አይደለም፣ አንተ እንድ...” እሱ አልፎኝ ወደ ደላላው ሄዷል።

ከዚያማ ማውራት ጀመረ። ያ መናኸሪያ ሲደርስ ከሩቅ የሚለየው ድምፁ! ከጭቃ እንዴት እንደምትወጣ፣ ቁልቁለቱን በየትኛው ማርሽ እንደምትይዝ፣ አንድም ቀን መንገድ ላይ ጥላው እንደማታውቅ፣ እጁን እያወናጨፈ፣ እየሳቀ ሁሉ። ከመንገዱ መዘጋት ጀምሮ ጆሮዬ የራበውን ድምፅ ለደላላ ቆርሶ ሰጠው። ደላላው ጣራዋን አላየም፤ እሱም አላሳየውም።

“አንቺ፣ ቁልፉን አምጪማ፣ ጋቢናዋንም ይያት!” አለኝ።

ወደ ቤት ገባሁ። ቁልፉ ምስማሩ ላይ፣ ዓይኔ ፊት ተንጠልጥሏል። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ “አላገኘሁትም፣ ቆይ ልፈልገው!” ብዬ ከውስጥ ጮህኩ። እሱም ወሬውን ቀጠለ።