አጎቴ የገባበት ቤተ መንግሥት

ቤተ መንግሥት ለማየት አገር አቋርጦ የሄደ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አይቶ የሚመለሰው አጥሩን ነው። አጥሩንም ቢሆን በቅጡ አያየውም፤ ዘበኛው «እለፍ» ይለዋል። አገሩ ሲገባ ግን ያልረገጠውን ምንጣፍ ሳይቀር ይተርካል። አትፍረዱበት። ያን ያህል መንገድ ሄዶ አጥር አየሁ ማለት ያሳፍራል።

ይህን ከጋዜጣ አላገኘሁትም፤ ምንም እንኳ ጠጉር አስተካካያችን ዘንድ የሚደርስ ጋዜጣ ሁሉ በእኔ እጅ ሳያልፍ ባይቀርም። ያወቅሁት አጎቴን ጋሽ ወልዴን ድሬዳዋን ያስጎበኘሁ ጊዜ ነው።

ጋሽ ወልዴ ከተጉለት ድረስ የመጡት ለሽርሽር አልነበረም። እህቴን እልፍነሽን በየነ የሚባል የባቡር መካኒክ ለጋብቻ ጠይቋት ነበር፤ አባታችን በሕይወት ስለሌለ፣ እሺ ወይም እምቢ ማለት የእሳቸው ፈንታ ሆነ። ከባቡር ወርደው በኩታቸው እያራገቡ፣ «ይሄ አገር ነው ምድጃ? ልጄን ወደ ደጋው ወስጄ እድራታለሁ» አሉ።

እልፍነሽ ወደ ጓዳ ጎተተችኝ። «አንተ መቼም አፍ አለህ። ነገ ከተማውን አስወድድልኝ። ብቻ አታብዛው።»

አበዛሁት።

ደቻቱ ስንደርስ «ይህ ወንዛችን ነው» አልኳቸው። አሸዋው ላይ ግመል ተኝቷል። «ውሃውስ?» አሉ። ውሃው ከላይ ተራራው ላይ ሲዘንብ በድንገት ደርሶ ያገኘውን ሁሉ ጠራርጎ እንደሚሄድ አሳምሬ አስረዳሁ።

«የእህትህንም ቤት ጨምሮ በለኛ» አሉ።

የቀረኝ ተስፋ የከተማችን ቤተ መንግሥት ነበር። ከብረት በሩ ፊት አቁሜያቸው ስለ አትክልቱ ጀመርኩ፦ ግንቡ ላይ የተንጠላጠለው ቀይ አበባ ከየት አገር እንደመጣ፣ መንገዶቹ ለምን ጠጠር እንደለበሱ።

«ውስጡን አይተኸዋል?»

«አላየሁም፣ ግን ጋሼ...»

«እንግዲያው ለዘበኛው ንገረው። እሱም አላየውም ይሆናል።»

ዘበኛው ሳቀ። በሩን ግን አልከፈተም፤ ያለ ፈቃድ አይገባም።

ስንመለስ ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። ጋሼ ደክሟቸው አንድ የእንጨት በር ተደገፉ። በሩ ተከፈተ። ከዚያ በፊት አይቼያት የማላውቅ አንዲት ሴት፣ ሰፈሩ ሁሉ በአክብሮት አዴ ፋጡማ እንደሚላት በኋላ ያወቅሁት፣ ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«አንተ፣ ሽማግሌ ይዞ በዚህ ሰዓት ይዞራል? ወላሂ አታፍርም። ግቡ አባ፣ ግቡ።»

ግቢዋ ሰፊ አይደለም። አንድ ትልቅ የማንጎ ዛፍ፣ ሥሩ ምንጣፍ፣ ዙሪያውን በዘይት ጣሳ የተተከለ፣ መዓዛው የሚያውድ ሬሃን። ጋሼ ቀዝቃዛ ውሃ ጠጡ፣ ፓፓያ በሉ፣ ትራስ ተሰጣቸውና ተኙ። ሲነቁ ለምን እንደመጡ ጠየቀቻቸው፤ ነገሯት።

«ታዲያ ምን ያሳስባል?» አለች። «ልጅቷ እዚሁ ትሁን። ጥላ እንደሆነ አለን።»

ስለ ድሬዳዋ የአየር ጠባይ አንድ ነገር ልጨምር አፌን ስከፍት ጋሼ በእጃቸው ከለከሉኝ። ቅጠሉን ወደ ላይ ትክ ብለው አዩ።

«ለሠርጉ ድንኳን የምትተክሉት የት ነው?» አሉኝ።

«ድንኳን ለምን?» አለች አዴ ፋጡማ። «ዛፉ አለ አይደል።»

ሠርጉ እዚያው ተደረገ። ጋሼም ተጉለት ሲመለሱ ድሬዳዋ ቤተ መንግሥት ገብተው፣ ከአትክልቱ ሥር ተንጋልለው፣ እመቤቲቱ ራሷ በእጇ እንዳጎረሰቻቸው ተናገሩ። ስለዚህ ዘመድ በባቡር በመጣ ቁጥር «ጋሽ ወልዴ የገቡበትን ቤተ መንግሥት አሳየን» ይለኛል። እኔም ማስረዳቱን ትቼ በቀጥታ አዴ ፋጡማ ቤት እወስዳቸዋለሁ። ሁሉም ፓፓያውን በልቶ፣ ተኝቶ፣ ደስ ብሎት ይመለሳል።

አንዱ ብቻ ሲወጣ በሩን ዞር ብሎ አየና፣ «ዘበኛ የለውም እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ምሳ ሄዷል» አልኩት።