የጋሽ ወዳጆ ብድግ ማለት

ሰው ስልሳን ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ድንገት ራሱን ቢያዞረው ሐኪም ፍለጋ መድከም የለበትም፤ በሩን ከፍቶ «አዞረኝ» ይበል፤ ሰፈሩ በሙሉ ሐኪም ነው። አንዱ ምች ነው ይላል፣ አንዷ ጨጓራ ነው ትላለች፣ ሦስተኛው ደግሞ ሳይጠየቅ የራሱን ሕመም መተረክ ይጀምራል። ምናልባት ሦስተኛው እርስዎ ነዎት።

የቦንጋው ጎረቤቴ ጋሽ ወዳጆ በአንድ ነገር የታወቁ ናቸው፤ ሰው ሲገባ ብድግ ይላሉ። ለቄስም፣ ለፓስተርም፣ ከሌላ አገር ተመድቦ ለመጣ ጎረምሳ አስተማሪም «ኖር!» ብለው ቀጥ ነው።

ታዲያ ባለፈው ክረምት ለአንድ እንግዳ ብድግ እንዳሉ ቤቱ ዞረባቸውና እንግዳው ላይ ወደቁ። ምርመራው ወዲያው ተጀመረ። ከማንኪራ ጫካ የመጣ ማር በባዶ ሆድ በልተው ነው ተባለ። አንዱ ደግሞ፣ ከሺሺንዳ ያመጣቸው መኪና ሲጠማዘዝ ጭንቅላታቸው አብሮ ዞሮ፣ መኪናው ሲቆም እሱ ሳይቆም ቀርቶ ነው አለ። ይኸኛው ሐሳብ ብዙ ደጋፊ አገኘ።

ነርሷ ሲስተር ትዕግሥት ግን የደም ግፊታቸውን አስተኝታ ለካች፣ አስነሥታ ለካች።

«ጋሽ ወዳጆ፣ ሲነሡ ግፊትዎ ይወርዳል። የሚወስዱትን የግፊት መድኃኒት ዶክተሩ ያየዋል። እስከዚያ ውሃ ይጠጡ፤ ብድግ አይበሉ። አሁን ቢወድቁ ዳሌዎ ነው የሚሰበረው።»

በዚህ ዕድሜ ዳሌ ከተሰበረ ምን እንደሚከተል ሁላችንም እናውቃለን። በጣም ፈራሁላቸው።

ችግሩ፣ መታመማቸው ሲሰማ ጠያቂ ጎረፈ። ጠያቂ ሲገባ ብድግ፤ «ኧረ በማርያም አይነሡ!» ሲባሉ ዞሮባቸው ዘጭ። ሌላ ጠያቂ፣ ሌላ ብድግ። ፍቅራችን ሊገድላቸው ነበር።

«መነሣቱን ለምን አይተዉትም?» አልኳቸው።

«አይነሡ የሚባለው ለተነሣ ሰው ነው» አሉኝ ተቆጥተው። «ካልተነሣሁ ምን ብለው ሊከለክሉኝ ነው?»

መላውን ያመጡት ባለቤታቸው እትዬ አልማዝ ናቸው፤ የተኛ ሰው እንዲነሣ አይጠበቅበትምና፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ጋሽ ወዳጆ እንዲያንኮራፉ ተወሰነ። አንኮራፉ። ጠያቂዎቹም እውነት መስሏቸው ዙሪያቸውን ተቀምጠው ያወሩ ጀመር።

«እግዜር ይማራቸው» አሉ ሽማግሌው ጋሽ ገብሬ። «ግን እውነት እንነጋገር ከተባለ፣ እሳቸው በተነሡ ቁጥር እኛም እንነሣለን። ጉልበቴን የጨረሱት እሳቸው ናቸው።»

«እኔማ እዚህ ቤት መምጣት የቀነስኩት ለዚሁ ነው» አለ ሌላው።

ማንኮራፋቱ ቆመ። ጋሽ ወዳጆ ዓይናቸውን ገለጡ፤ ፊታቸው ላይ ያየሁት ኀዘን አንጀቴን በላው። ዕድሜ ልካቸውን ያከበሩን እየመሰላቸው ሲያደክሙን ኖረዋል! ይቅርታ ሊጠይቁን ፈለጉ፤ ተኝቶ ይቅርታ አይጠየቅምና ብድግ አሉ። እኛም በአክብሮት ብድግ። ደግፈን ስናስቀምጣቸው ጋሽ ገብሬ ራሳቸውን ይዘው «ኧረ እኔንም አዞረኝ» አሉና አጠገባቸው ተጋደሙ።

ዛሬ መድኃኒታቸው ተስተካክሎ ደህና ናቸው፤ የሲስተር ትዕግሥትንም ምክር አያጓድሉም። እንግዳ ሲገባ መጀመሪያ እግራቸውን መሬት ያስነካሉ፤ ትንፋሽ ይወስዳሉ፤ ውሃ ይጎነጫሉ፤ ወንበሩን ተደግፈው ቀስ ብለው ይነሣሉ። ቆመው እስኪጨርሱ እንግዳው ጨዋታውን ጨርሶ በሩ ላይ ደርሷል።

ቦንጋ ውስጥ እንደ ጋሽ ወዳጆ እንግዳ የሚሸኝ ሰው የለም ይባላል።